ጉዞ ወደ ኬዳርናት

ከንባብ በፊት

ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ በሰሜን ሕንድ፣ በሂማላያ ተራሮች ውስጥ ስለምትገኝ አንዲት የሂንዱ ተሳላሚዎች ከተማ የሚያትት ነው። ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቃል ተወያዩ።

1. ሰዎች ወደ ሩቅና አስቸጋሪ ሥፍራ ለመሳለም የሚሄዱት ለምንድን ነው? ቦታው ቅርብና ምቹ ቢሆን ኖሮ ያው ክብር ይኖረው ነበር ትላላችሁ?
2. ደራሽ ጎርፍ የሚባለው ከሌላው ጎርፍ በምን ይለያል?

ምንባብ

በሕንድ አገር የተቀደሰ ቦታ «ቲርታ» ይባላል። ቃሉ የጥንቱ የሳንስክሪት ቋንቋ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ፍቺው የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ይኸውም ውሃው ሳስቶ፣ ሰው ያለ ጀልባ በእግሩ ሊሻገር የሚችልበት ሥፍራ ነው። የሂንዱ ሃይማኖት ተከታዮች ይህንኑ ቃል ወስደው፣ በሰውና በአምላክ መካከል ያለው ርቀት የሚያጥርበትን ቦታ ሁሉ ሰየሙበት። በመሆኑም ከእነዚህ መሻገሪያዎች ብዙዎቹ በወንዝ ዳር ወይም ወንዝ በሚፈልቅበት ተራራ ላይ መገኘታቸው አያስደንቅም። ከሁሉም ይልቅ ዝናቸው የገነነው ታላቁ የጋንጀስ ወንዝ በሚመነጭበት በሂማላያ ተራሮች ውስጥ ያሉት ናቸው።

በዚህ ተራራማ አገር፣ ጋርዋል በሚባለው ክፍል፣ አራት የተከበሩ መካነ ጸሎቶች አሉ። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲቈጠሩ ያሙኖትሪ፣ ጋንጎትሪ፣ ኬዳርናትና ባድሪናት ይባላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለያሙናና ለጋንጀስ ወንዞች መነሻ የተሰጡ ሲሆኑ፣ ኬዳርናት የሺቫ፣ ባድሪናት ደግሞ የቪሽኑ ነው። በሂንዱ እምነት ቪሽኑ ዓለምን የሚጠብቅ፣ ሺቫ ደግሞ ያረጀውን አፍርሶ ለአዲስ የሚያዘጋጅ ነው ይባላል። ሺቫን በሥዕል ሲያሳዩት ፀጉሩን ጐንጉኖ፣ ገላውን ዐመድ ቀብቶ፣ በነብር ቆዳ ላይ ተቀምጦ የሚያሰላስል ባሕታዊ ያደርጉታል። የሚወደው መኖሪያም ከሰው የራቀ በረዷማ ተራራ ነው። የኬዳርናት ቤተ መቅደስ ከባሕር ወለል በላይ 3,583 ሜትር ከፍታ ላይ መሠራቱም ከዚሁ እምነት ጋር የተሳሰረ ነው።

ከርዕሰ ከተማው ከዴልሂ ተነሥቶ ወደ ኬዳርናት የሚጓዝ ተሳላሚ መጀመሪያ ሃሪድዋር ይደርሳል። ጋንጀስ ተራራውን ትቶ ሜዳውን የሚይዘው እዚህ ላይ ነው። በሃሪድዋር ከአባት ወደ ልጅ የሚወራረስ ልዩ ሙያ ያላቸው ካህናት አሉ። እነዚህ ካህናት ረጃጅም መዝገቦች ይዘው ይቀመጡና፣ የመጣውን እንግዳ «አገርህ የት ነው? ወገንህስ ማን ይባላል?» ብለው ይጠይቁታል። ከዚያም ጥቅሉን ፈትተው፣ ከብዙ ዓመታት በፊት በዚያው መንገድ ያለፉትን የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም ያነቡለታል። እርሱም በተራው የራሱንና የልጆቹን ስም አስጽፎ ይሄዳል። የትውልድ ሐረጉን ከዚህ መዝገብ በቀር በሌላ ቦታ ሊያገኘው የማይችል ቤተሰብ ጥቂት አይደለም።

ከሃሪድዋር ብዙም ሳይርቅ ሪሺኬሽ የምትባለው ከተማ ትገኛለች። ከሪሺኬሽ በኋላ ሜዳ የለም። መንገዱ ገደሉን ታክኮ፣ ወንዙን ቁልቁል እያየ፣ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። ዴቭፕራያግ ላይ ባጊራቲና አላክናንዳ የተባሉ ሁለት ወንዞች ይገናኛሉ፤ ወንዙ ጋንጀስ ተብሎ መጠራት የሚጀምረውም ከዚህ መገናኛ በኋላ ነው። ከዚያ የአላክናንዳን ሸለቆ ይዞ ሲወጡ ሩድራፕራያግ ይደረሳል፤ በዚህም ከኬዳርናት የሚወርደው የማንዳኪኒ ወንዝ ከአላክናንዳ ጋር ይቀላቀላል።

ሩድራፕራያግ በሌላ ታሪክም ትታወቃለች። እስከ 1918 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1926) ድረስ በነበሩት ስምንት ዓመታት፣ አንድ ሰው በላ ነብር በዚህ አካባቢ 125 ሰዎች መግደሉ በመንግሥት መዝገብ ሰፍሯል። በዚያን ዘመን የመኪና መንገድ ስላልነበረ ተሳላሚው ስንቁን ተሸክሞ ሳምንታት በእግሩ ይጓዝ፣ ሌሊቱንም በየመንገዱ በተሠሩ ማደሪያዎች ያሳልፍ ነበር። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከደጅ የሚወጣ አልነበረም። በመጨረሻ ነብሩን የገደለው ጂም ኮርቤት የተባለ አዳኝ ሲሆን፣ ታሪኩን ኋላ በመጽሐፍ ጽፎታል። ነብሩ ከሞተ ወዲህ የመንገዱ ፍርሃት ናዳ ሆኗል።

የናዳው ምክንያት ለመረዳት የሚያዳግት አይደለም። ሂማላያ በምድር ዕድሜ ሲለካ ገና ወጣት ተራራ ነው። የሕንድ ምድር ወደ ሰሜን እየገፋ የእስያን ምድር በመጋፋቱ የተነሣ፣ በመካከል ያለው ድንጋይ እየታጠፈና እየተሰነጣጠቀ ወደ ላይ ይወጣል፤ ግፊቱም እስከ ዛሬ አላቋረጠም። በጋርዋል ምድር እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1999 የደረሱት የመሬት መንቀጥቀጦች ይህንኑ ያስታውሳሉ። በዚህ ላይ የበጋው ጠል፣ የክረምቱ ዶፍ፣ የመንገድ ሥራው ድማሚትና የደኑ መመናመን ሲጨመርበት ቁልቁለቱ የሚይዘው ነገር ያጣል። የአካባቢው ገበሬዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1974 የጋርዋል መንደርተኞች፣ በተለይም ሴቶች፣ ዛፎቹን ለመቁረጥ ከመጡት ነጋዴዎች ፊት ቆመው፣ ግንዱን አቅፈው ለመከላከል መነሣታቸው በዓለም ዘንድ የታወቀ ነው። እንቅስቃሴው «ቺፕኮ» ይባላል፤ መጣበቅ፣ ማቀፍ እንደ ማለት ነው።

ከሩድራፕራያግ በላይ መንገዱ የማንዳኪኒን ሸለቆ ይከተላል። በወንዙ አንደኛው ወገን ጉፕትካሺ፣ በማዶው ኡኪማት ይታያሉ። ጉፕትካሺ ማለት የተሰወረችው ካሺ ማለት ነው። ስሙ የመጣው የማንዳኪኒ ሸለቆ ነዋሪዎች ሁሉ ከሚያውቁት አንድ አፈ ታሪክ ነው፤ ነገሩም እንዲህ ነው።

በጥንት ዘመን ፓንዳቫ የሚባሉ አምስት ወንድማማቾች ከአጎታቸው ልጆች ጋር በመንግሥት ተጣልተው ታላቅ ጦርነት አደረጉ። ድሉ የእነርሱ ሆነ። ነገር ግን የገደሏቸው ዘመዶቻቸውና መምህሮቻቸው ስለነበሩ፣ ዙፋኑን ከያዙ በኋላ ሕሊናቸው ዕረፍት ነሣቸው። ስለዚህ ከሺቫ ይቅርታ ለመለመን ተነሡ። ሺቫ ግን በደም የቆሸሸ እጃቸውን ማየት ስላልፈለገ ወደ ሂማላያ ሸሸ፤ ጉፕትካሺ ላይም ተሰወረ። ወንድማማቾቹ ተከተሉት። ሺቫም በሬ መስሎ ከከብት መንጋ መካከል ገባ። ከአምስቱ ሁለተኛው፣ በጉልበቱ አቻ የሌለው ቢማ፣ በሬውን ለይቶ ዘሎ ያዘው። በሬው ወደ መሬት ውስጥ ይሰምጥ ጀመር፤ ቢማም አልለቅም ብሎ ታገለ። በመጨረሻ በሬው ተሰውሮ፣ ሻኛው ብቻ ከመሬት በላይ ቀረ። ያ ሻኛ የቀረበት ቦታ ኬዳርናት ነው ይባላል። ክንዱ በቱንግናት፣ ፊቱ በሩድራናት፣ እምብርቱ በማድያማሄሽዋር፣ ፀጉሩ በካልፔሽዋር እንደታየ ስለሚተረክ፣ እነዚህ አምስቱ ሥፍራዎች በአንድነት «አምስቱ ኬዳር» ተብለው ይጠራሉ። ሺቫም በጽናታቸው ተገርሞ ይቅር አላቸው።

አፈ ታሪኩ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለው። ወደዚህ ተራራ በመጀመሪያ ወጡ የሚባሉት ሰዎች የወጡት ጤና ወይም ሀብት ለመለመን አልነበረም። አሸናፊዎች ነበሩ፤ የመጡት በማሸነፋቸው ተጸጽተው ነው። አቀበቱ መክበዱም ከዚህ ጋር ይስማማል።

መኪና የሚሄደው እስከ ጋውሪኩንድ ድረስ ነው። ጋውሪኩንድ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ያለች ጠባብ ከተማ ስትሆን፣ የሺቫ ሚስት ፓርቫቲ እርሱን ለማግባት ሱባኤ የገባችባት ቦታ እንደሆነች ይነገራል። ከዚህ እስከ ቤተ መቅደሱ ያለው ርቀት 16 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከፍታው ከ1,500 ሜትር በላይ ይጨምራል። ጤነኛ ሰው በእግሩ ሲወጣ ቀኑን ሙሉ ይፈጅበታል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ራስ ያማል፣ ትንፋሽ ያጥራል፤ ከሜዳው አገር በአንድ ቀን የመጡ አረጋውያን በዚህ መንገድ ላይ ልባቸው ደክሞ የሚሞቱበት ጊዜ ብዙ ነው። ሆኖም ሽማግሌውም፣ አሮጊቷም፣ ሕፃን ያዘለችውም እናት በትራቸውን ይዘው፣ የሺቫን ስም እየጠሩ ይወጣሉ። ወራጁ ወጪውን ሲያገኝ የአምላኩን ስም ጠርቶ ሰላምታ ይሰጠዋል፤ «ቀረ እንዴ?» ተብሎ ሲጠየቅም፣ ምንም ያህል ቢቀር «ደርሳችኋል» ይላል።

በእግሩ መሄድ ለማይችል ሰው ሌሎች መንገዶች አሉ። ገንዘብ ያለው በሄሊኮፕተር ተነሥቶ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። ይህም ቢሆን ከአደጋ የራቀ አይደለም፤ ደመናው በድንገት ሸለቆውን ስለሚዘጋው እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2022 እና በሰኔ ወር 2025 በደረሱት ሁለት የሄሊኮፕተር አደጋዎች በእያንዳንዳቸው ሰባት ሰዎች ሞተዋል። ሌላው ሰው በበቅሎ ይወጣል፤ ወይም አራት ሰዎች በሚሸከሙት ቃሬዛ ላይ ይቀመጣል፤ ወይም ደግሞ አንድ ሰው በጀርባው በሚያዝለው ቅርጫት ውስጥ ገብቶ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ የወጣበትን ገደል እያየ ይጓዛል። ከተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ የኔፓል ተወላጆች ናቸው። ጫማቸው የላስቲክ፣ ልብሳቸው ስስ ነው። ከራሳቸው ክብደት የማያንስ ሰው አዝለው ሲወጡ፣ በቅርጫቱ ውስጥ ያለው ይጸልያል፣ ከሥር ያለው ደረጃ ይቈጥራል። ከሁለቱ የማንኛው ድካም የበለጠ ዋጋ እንዳለው የሂንዱ ሊቃውንት ይፍረዱ።

ስለ በቅሎዎቹም አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ አይገባም። በወቅቱ በሺህ የሚቈጠሩ በቅሎዎችና ፈረሶች በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ይመላለሳሉ። አንዳንዱ ባለቤት በቀን ሁለት ጊዜ ያወጣቸዋል፤ ውሃ ሳይጠጡ፣ ሳያርፉ የሚወድቁም አሉ። በሬን የአምላክ ማረፊያ አድርጎ በሚያከብር ሃይማኖት መንገድ ላይ በቅሎ በድካም ሲሞት ማየት፣ ለራሳቸው ለተሳላሚዎቹም የሚያሳፍር ሆኖባቸዋል። በመሆኑም በየጊዜው የተለያዩ የቁጥጥር ደንቦች ወጥተዋል።

ከመጨረሻው ዳገት በላይ ምድሩ በድንገት ይዘረጋል። በሦስት ወገን ነጫጭ ተራሮች እንደ ግድግዳ የቆሙበት ሜዳ ነው። በመካከሉ ከግራጫ ድንጋይ የታነጸው ቤተ መቅደስ ይታያል። ትልልቅ ጠርብ ድንጋዮች እርስ በርስ ተሰካክተው የተሠራ፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ የቆመ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ሕንጻ ነው። መቼ እንደተሠራ በእርግጥ የሚታወቅ የጽሑፍ ማስረጃ የለም፤ ልማዳዊው ትረካ መጀመሪያ በፓንዳቫዎች፣ ኋላም በስምንተኛው መቶ ዓመት በኖረው በታላቁ ፈላስፋ በሻንካራ እጅ እንደታደሰ ያወሳል። ከበሩ ፊት ለፊት ናንዲ የተባለው የድንጋይ በሬ ተኝቶ ወደ ውስጥ ያያል።

በቅድስተ ቅዱሳኑ ውስጥ በወርቅ ያጌጠ ጣዖት እጠብቃለሁ ብሎ የገባ እንግዳ ይገረማል። በውስጡ ያለው ሦስት ማዕዘን የሚመስል፣ ያልተጠረበ አለት ብቻ ነው። ይህ አለት የበሬው ሻኛ ነው። ተሳላሚው ከሰዓታት ሰልፍ በኋላ ገብቶ፣ የነጠረ ቅቤ ይቀባዋል፤ ግንባሩን ያስነካዋል፤ ለአፍታ ቆሞ ይወጣል። በሌሎች ብዙ ቤተ መቅደሶች አምላኩን በእጅ መንካት ለካህናት ብቻ የተፈቀደ ሲሆን፣ እዚህ ግን ተራው ሰው አለቱን ሲያቅፍ የቆየ ልማድ ነው። ብዙዎች ያለቅሳሉ።

የኬዳርናት ሊቀ ካህናት «ራዋል» ይባላል። የሚገርመው፣ ራዋሉ የተራራው ተወላጅ አይደለም፤ ከሩቅ ደቡብ፣ ከካርናታካ ግዛት ከሚገኝ ቪራሻይቫ ከተባለ ማኅበረሰብ ይመረጣል። የባድሪናቱ ራዋል ደግሞ በአገሪቱ ደቡባዊ ጫፍ ከምትገኘው ከኬራላ ይመጣል። በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በቀድሞ ጊዜ ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የዚሁ የኬራላ ሰዎች ስለነበሩ፣ የአገሩ ስም ለወላጆቻችን እንግዳ አይደለም። ከሞቃት የባሕር ዳርቻ የተነሣ ሰው በበረዶ መካከል ገብቶ እንዲያገለግል መደረጉ ሰሜኑንና ደቡቡን በአንድ ሃይማኖት ያስተሳሰረ ጥበብ ነው።

ቤተ መቅደሱ ዓመቱን ሙሉ አይከፈትም። በሮቹ በሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ተከፍተው፣ የመብራት በዓል የሆነው ዲዋሊ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ይዘጋሉ። የሚከፈትበት ዕለት በየዓመቱ በሺቫ ታላቅ ሌሊት በኡኪማት ይታወጃል። በሮቹ ሲዘጉ፣ አምስት ፊት ያለው የአምላኩ ምስል በቃሬዛ ላይ ሆኖ፣ ከበሮ እየተመታለት፣ በእግር ወደ ኡኪማት ይወርዳል፤ የበረዶውን ወራትም እዚያ ያሳልፋል። ነጋዴውም፣ በቅሎ ነጂውም፣ ካህኑም አብረው ይወርዳሉ። የሸለቆው ኑሮ በሙሉ በእነዚያ ስድስት ወራት ገቢ ላይ የተመሠረተ ነው። ደረጃ በደረጃ የታረሰው ትንንሽ ማሳ ቤተሰብን ዓመት አያደርስም።

በሰኔ ወር 2005 ዓ.ም. የደረሰው ጥፋት ክብደት የሚታወቀው ይህን ሲያስቡ ነው።

ሰኔ 9 ቀን (እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 2013) ዕለቱ እሑድ ነበር። ወቅቱ የተሳላሚ ብዛት ጣራ የሚደርስበት ነው። የሸለቆው ትምህርት ቤቶች ለዕረፍት ተዘግተው ስለነበር፣ ብዙ ወንዶች ልጆች ለደብተርና ለልብስ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በቅሎ ለመንዳትና በሻይ ቤት ለማገልገል ወደ ላይ ወጥተው ነበር። የዝናቡ ወራት በዚያ ዓመት ከልማዱ ቀድሞ ገባና ቀንና ሌሊት ያለ ማቋረጥ ዘነበ። ዝናቡ የወረደው ገና ባልቀለጠ በረዶ ላይ ስለነበር፣ ሁለቱ ውሆች ተደማመሩ። በዚያው ዕለት ማታ የመጀመሪያው ደራሽ ጭቃና ድንጋይ ይዞ ወደ ከተማዪቱ ገባ። ከጎርፉ ያመለጡት ሰዎች ወደ ቤተ መቅደሱና ወደ ፎቅ ቤቶች ሸሽተው፣ በጨለማ ሌሊቱን አነጉ።

የባሰው የመጣው በማግሥቱ ማለዳ ነው። ከከተማዪቱ በላይ ቾራባሪ የሚባል ሐይቅ ነበር፤ በ1940 ዓ.ም. ከማኅተመ ጋንዲ ዐመድ ከፊሉ የተበተነበት በመሆኑ የጋንዲ ሐይቅም ይሉት ነበር። ሐይቁን የገደበው የበረዶ ግግሩ በጥንት ጊዜ እየገፋ ያከማቸው ልል ድንጋይና አፈር ነው። ውሃው የሚፈስበት መውጫ አልነበረውም። ሐይቁ ሲሞላ ክምሩ ርሶ ተደረመሰ፤ በውስጡ የነበረው ውሃም በደቂቃዎች ውስጥ ተሟጦ ቁልቁል ተለቀቀ። ቤቶችን የሚያካክሉ ቋጥኞች እንደ ጠጠር ተንከባለሉ። በቤተ መቅደሱ ዙሪያ የነበሩት ማደሪያዎችና ሱቆች አብዛኞቹ ፈረሱ። ራምባራ የተባለችው የመንገድ ዳር መንደር ቤት የነበረባት መሆኑ እስከማይታወቅ ድረስ ጠፋች። ጋውሪኩንድም ክፉኛ ተጎዳች።

ቤተ መቅደሱ ግን አልፈረሰም። ከላይ የመጣ አንድ ግዙፍ ቋጥኝ ከሕንጻው በስተኋላ ጥቂት ሜትሮች ሲቀረው ቆመ፤ ጎርፉም በቋጥኙ ተከፍሎ በግራና በቀኝ አለፈ። ሰዎች ዛሬ «የቢማ ድንጋይ» ብለው ሰይመው ይሳለሙታል። ምእመኑ ተአምር ነው ይላል። የምድር ጥናት ባለሙያው ደግሞ የሕንጻውን አሠራር፣ የመደቡን ከፍታና የቋጥኙን አቀማመጥ ይቈጥራል። ይሁን እንጂ ባለሙያው ሊታለፍ የማይገባው ሌላ ጥያቄም አለው፤ ከተማዪቱ የቆመችው በረዶና ወንዝ ተሸክመው ባመጡት ደለል ላይ ነው፤ ጥንት ቤተ መቅደሱን የሠሩት ሰዎች ሕንጻቸውን ብቻውን ከፍ ባለ መደብ ላይ ሲተዉት፣ በኋላ የመጣው ነጋዴ ማደሪያውን እስከ ወንዙ አፍ ድረስ አስጠግቶ ገነባ። ከውሃ ጋር የሄዱትም በአብዛኛው በዚህ በኋለኛው ሥራ ውስጥ ያደሩት ናቸው።

በግዛቱ በሙሉ ሞቱ ወይም ጠፍተው ቀሩ ተብለው የተመዘገቡት ሰዎች ቁጥር ከአምስት ሺህ ይበልጣል። የጦር ሠራዊቱና ሌሎች የመንግሥት ኃይሎች ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎችን በሄሊኮፕተርና በእግር ከተራሮቹ አወጡ። ነገር ግን የተሳላሚው ዘመድ ኀዘኑን ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የሸለቆው መንደሮች ኀዘናቸውን ይዘው እዚያው ቀሩ። ዴኦሊ ባኒግራም በምትባለው ትንሽ የካህናት መንደር ብቻ የሞቱት ወንዶች ከሃምሳ አያንሱም፤ ከእነርሱም መካከል ለዕረፍት ጊዜ ሥራ የወጡ ተማሪዎች ነበሩባቸው። ጋዜጦች ከዚያ ወዲህ «የመበለቶች መንደር» ብለው ጠሯት። ስሙ ለጋዜጣ ይመቻል፤ ሴቶቹ ግን ሽመናና ስፌት እየተማሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሠራተኞች ናቸውና በዚህ ስም ብቻ መታወቃቸው የሚገባ አይመስልም።

በቤተ መቅደሱ የሚደረገው ጸሎት በመስከረም ወር መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2013) እንደገና ተጀመረ። የድሮው የ14 ኪሎ ሜትር መንገድ በጎርፉ ስለተቈረጠ፣ በማዶው በኩል የሚያልፍ አዲስ መንገድ ተሠራ፤ መንገዱ ዛሬ የረዘመውም ከዚህ የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጡት ተሳላሚዎች አርባ ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሺህ በላይ ሆነ፤ ይህም ከጎርፉ በፊት ከነበረው እጅግ የበለጠ ነው። ከጎርፉ በኋላ ከተማዪቱ በአዲስ ፕላን ስትሠራ፣ ወደ ቤተ መቅደሱ የሚወስደው መንገድ ሰፋ፤ ከበስተኋላው የጎርፍ መከላከያ ግንቦች ቆሙ። ዝናቡ ግን ተራውን አልዘለለም፤ እ.ኤ.አ. በጁላይ ወር 2024 መጨረሻ በወረደው ዶፍ መንገዱ በብዙ ቦታ ተቈርጦ በሺህ የሚቈጠሩ ተሳላሚዎችን ማውጣት አስፈልጓል።

እ.ኤ.አ. በማርች ወር 2025 የሕንድ መንግሥት ከሶንፕራያግ እስከ ኬዳርናት የሚዘረጋ 12.9 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የገመድ መንገድ እንዲሠራ ወስኗል። በዕቅዱ መሠረት ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት የሚፈጀው ጉዞ ወደ 36 ደቂቃ ይወርዳል። የደከሙ አረጋውያን በሰላም ይደርሳሉ፣ የበቅሎዎቹም ሥቃይ ይቀንሳል ሲሉ ዕቅዱን የሚደግፉ አሉ። ሌሎች ደግሞ አንዲት ጠባብ ሜዳ የምትችለው ሕዝብ ልክ እንዳለውና ቁጥሩ ከዚህ በላይ ቢጨምር የሚቀጥለው ጎርፍ የሚያገኘው ሰው እንደሚበዛ ያስጠነቅቃሉ። በቅሎ ነጂዎቹና ተሸካሚዎቹ ደግሞ ጥያቄያቸው አጭር ነው፤ «ሰው ሁሉ በገመድ ከወጣ እኛ ምን እንብላ?» ይላሉ።

መልመጃዎች

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።

1. «ቲርታ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፍቺው ምንድን ነው? ኋላስ ለምን ነገር መጠሪያ ሆነ?
2. ፓንዳቫዎች ድል ካደረጉ በኋላ ወደ ሂማላያ የሄዱት ስለ ምን ነበር?
3. የቾራባሪ ሐይቅ የተደረመሰበትን ምክንያት በቅደም ተከተል አስረዱ።
4. ደራሲው «ከሁለቱ የማንኛው ድካም የበለጠ ዋጋ እንዳለው የሂንዱ ሊቃውንት ይፍረዱ» ሲል የራሱን ሐሳብ ደብቋል ወይስ ገልጿል? ምክንያታችሁን ስጡ።
5. የሸለቆው መንደሮች ጉዳት ከተሳላሚዎቹ ጉዳት በምን ይለያል?

ለ. ከዚህ በታች ያሉትን ቃላትና ሐረጎች ከምንባቡ ውስጥ ፈልጋችሁ፣ በገቡበት አገባብ ፍቺያቸውን ጻፉ፤ ከዚያም እያንዳንዳቸውን በሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።

ታክኮ፣ ሻኛ፣ ሱባኤ፣ ደለል፣ ተሟጦ፣ ዓመት አያደርስም

ሐ. «ተሳላሚ» እና «ተሸካሚ» የሚሉት ቃላት ከግሥ የተገኙ ስሞች ናቸው። የተገኙባቸውን ግሦች ጻፉ። በዚሁ ዐይነት «ማስተማር»፣ «መንዳት» እና «መውረድ» ከሚሉት የሚገኙትን የአድራጊ ስሞች አውጡ። ከመካከላቸው አንዱ በአመሠራረቱ ከሌሎቹ ለምን እንደሚለይ ከመምህራችሁ ጋር ተነጋገሩ።

መ. ክፍሉ በሦስት ቡድን ተከፍሎ፣ አንደኛው የአረጋውያን ተሳላሚዎች፣ ሁለተኛው የምድር ጥናት ባለሙያዎች፣ ሦስተኛው የበቅሎ ነጂዎችና የተሸካሚዎች ወኪል በመሆን ስለ ገመድ መንገዱ ይከራከር። ከክርክሩ በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ፣ ራሱ ከወከለው ወገን ሌላ የሆነውን የአንዱን ቡድን ሐሳብ በአንድ ገጽ ጽፎ ያቅርብ።